ደጋው ነው የተባለው ድካም

የሐረጎ ዳገት ብዙ መኪና ያስወቅሳል። ከኮምቦልቻ ደሴ ድረስ መንገዱ 600 ሜትር ያህል ሽቅብ ስለሚወጣ፣ ጉልበት ያጣ ሞተር ሁሉ «የደጋው አየር ነው» ይባላል።

ደሴ ጋራዣችን የመጡ አንድ የኮሮላ ባለቤትም ይህንኑ ሲሰሙ ከርመዋል። ካንዴላና የነዳጅ ፓምፕ አስቀይረዋል፤ የሞተሩ መብራት ግን አልጠፋም። ከሞተሩ ኮምፒውተር የተነበበው የብልሽት ኮድ ፒ0171 ነበር፤ ለሚገባው አየር ቤንዚኑ አንሷል ማለት ነው። ይህን ያየ ሌላ መካኒክ አዲስ የኦክስጅን ሴንሰር አስገዝቷቸዋል።

«አብሽሩ ጋሼ፣ እሽጉን አይክፈቱት። መጀመሪያ እንለካ» አልኳቸው። ኮዱ ቤንዚን ማነሱን ነገረን እንጂ ለምን እንዳነሰ አልነገረንም።

ደጋ ጉልበት መቀነሱ እውነት ነው፤ ደሴ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በሩብ ያህል ይሳሳል። የዚህ ሞተር የአየር ሴንሰር የሚለካው ግን የአየሩን ክብደት ነው። አየር ሲሳሳ ቤንዚኑም አብሮ ስለሚቀንስ ድብልቁ አይዛባም። ከፍታን በዚህ ኮድ መክሰስ አግባብ አይደለም።

በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ሲሠራ ኮምፒውተሩ ጉድለቱን ለመሙላት የሚጨምረው ቤንዚን 5 በመቶ አይሞላም ነበር። የአየር ቱቦ ተሰንጥቆ ቢሆን ኖሮ ጭማሪው የሚብሰው በሚኒሞ ነው፤ ነዳጅ ሲሰጥ ይረግባል። ዳገቱን ስንወጣ ያየነው ግን ተቃራኒውን ነው፤ ጭማሪው 22 በመቶ ደረሰ። የደከመ ፓምፕም እንዲህ ስለሚያደርግ የነዳጁን ግፊት ለካን፤ ደህና ነው። ጥርጣሬው በአየር ሴንሰሩ ላይ ወደቀ።

ሁለቱን ብሎኖች ፈትተን አወጣነው። ውስጡ ያለችው ከፀጉር የማትወፍር ሽቦ ግራጫ አቧራ ለብሳለች። ይህች ሽቦ በኤሌክትሪክ ትግላለች፤ የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዛታል፤ ሙቀቷን ለመጠበቅ የሚያስፈልገው ኤሌክትሪክ የአየሩ ልክ ነው። አቧራ ስትለብስ በደንብ አትቀዘቅዝም። ኮምፒውተሩም የገባው አየር ጥቂት መስሎት ቤንዚን ይቆጥባል። ዳገት ላይ፣ ብዙ አየር ሲገባ፣ ስህተቱ ይሰፋል።

ረዳቴ ሊያራግፍላት የኮምፕሬሰሩን ቱቦ ሲያነሳ እጁን ያዝኩት። ያ ግፊት ሽቦዋን ይበጥሳታል፤ በጨርቅ ወይም በብሩሽ መንካትም ያው ነው። ለአየር ሴንሰር በተሠራው ማጽጃ ከራቅ ብለን ነፋንባት፣ በራሷ እስክትደርቅ ጠብቀን ገጠምናት። ኮዱን አጥፍተን ያንኑ ዳገት ስንወጣ ጭማሪው 3 በመቶ ላይ ቆመ። ኮሮላው በሦስተኛ ማርሽ ሳይንገታገት ወጣ።

አቧራው ከየት መጣ የሚለው ግን ቀርቶ ነበር። የአየር ማጣሪያውን አውጥቼ ዙሪያውን ስዳስሰው በአንድ ጎኑ የጎማ ከንፈሩ ከሳጥኑ ጋር አይገናኝም፤ ርካሽ ነው ተብሎ የተገዛ፣ ልኩ ያልሆነ ማጣሪያ ነው። ባለቤቱ በጠጠር መንገድ ወደ ገጠር ይመላለሳሉ። ልኩን የሚገጥም ማጣሪያ አስገባንላቸውና ያልተከፈተውን የኦክስጅን ሴንሰር ይዘው ወደ ሱቁ ሄዱ።