መነሻውን ለቤዝ መተው

ደሴ ውስጥ ከአንድ አነስተኛ ባንድ ጋር ኪቦርድ መጫወት በጀመርኩበት ሰሞን እያንዳንዱን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች ስብስብ) በሁለት እጄ ሞልቼ፣ ግራ እጄንም ሁልጊዜ ኮርዱ የተሰየመበት መነሻው ድምፅ ላይ አሳርፌ እጫወት ነበር። ቤቴ ስለማመድ ደስ የሚለኝ ያ ሙላት ቤዝ ጊታርና ሳክስፎን ሲጨመሩበት ይደፈርስብኛል። አንድ ማታ ቤዝ ተጫዋቹ ልምምዱን አቁሞ፣ «ወንድሜ፣ ታችኛውን ለእኔ ተውልኝ» አለኝ።

የጃዝ ፒያኒስት በቡድን ሲጫወት መነሻውን ድምፅ ቤዙ ስለሚናገርለት፣ የእርሱ ድርሻ ከመነሻው ሲቆጠር የኮርዱን ጠባይ የሚለዩትን ሦስተኛውንና ሰባተኛውን ድምፅ መያዝ፣ ከዚያም እንደ ዘጠነኛና አሥራ ሦስተኛ ባሉ ድምፆች ማቅለም ነው። በ1950ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) በዚህ አጨዋወት ከታወቁት አንዱ አሜሪካዊው ፒያኒስት ቢል ኢቫንስ ነው። ለምሳሌ ሬ ማይነር ሰባት ለሚባለው ኮርድ ከመካከለኛው ዶ በታችና በላይ ፋ፣ ላ፣ ዶ፣ ሚ ያዙ፤ ወደ ሶል ሰባት ኮርድ ለመሻገር ዶን ብቻ ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ሲ ላይ አሳርፏት፤ ሌሎቹ ሦስት ጣቶች ካሉበት አይነቃነቁም። መነሻዋን ሶልን ፒያኖው ፈጽሞ አልመታትም፤ ቤዙ ሲመታት ግን ጆሮ ኮርዱን ሙሉ አድርጎ ይሰማዋል። ይህን መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ደጋግሜ፣ ደጋግሜ ተጫወትኩት። ይኸው አያያዝ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ግን ድምፆቹ እርስ በርስ ይዋጣሉ።

የእኛው አምባሰል ሲመጣ ነገሩ ይለወጣል። ከዶ ብንነሳ ቅኝቱ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት ነው፤ እነዚያ የተማመንኩባቸው ሦስተኛና ሰባተኛ ድምፆች ጭራሽ የሉም። እጄ በልማድ ሚን የጨመረ እንደሆነ ቅኝቱ ወዲያው ይፈርሳል፤ ወሎ ውስጥ ደግሞ ይህን ሳያውቅ የሚያልፍ አድማጭ አይገኝም። ስለዚህ ፒያኒስቱ ማኮይ ታይነር በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሳክስፎን ተጫዋቹ በጆን ኮልትሬን ኳርቴት (የአራት ሰዎች ባንድ) ውስጥ እንዳደረገው ድምፆችን በአራተኛ ርቀት (ከአንዱ ድምፅ ጀምሮ ሲቆጠር አራተኛው ላይ እያረፉ) መደርደር ለእኔ የተሻለው መንገድ ሆኗል፤ ሶል፣ ዶ፣ ፋ ሦስቱም ከቅኝቱ ሳይወጡ ይደረደራሉ፣ ለሳክስፎኑም ሰፊ ቦታ ይተዋሉ። ሬ ፍላትን አልነካትም። የአምባሰል ሆድ የሚያባባው ድምፅ እርሷ ስለሆነች፣ ሳክስፎኑ እየጎተተ ወደ ዶ ሲያወርዳት እጄን ከኪቦርዱ አንስቼ እጠብቃለሁ።