ከሳዑዲ የመጣው ፍሪጅ ለምን እንዲህ ይግላል?

ደሴም በሉት ኮምቦልቻ ወይ ከሚሴ፣ ከሳዑዲ በካርጎ የመጣ እቃ የሌለበት ሰፈር የለም፣ ጎረቤት እናቶችም "ልጄ አንተ ኤሌክትሪክ ተምረህ የለ፣ ይሄ ፍሪጅ ሞተሩ እንዲህ የሚግለው ምን ሆኖ ነው" ሲሉኝ መልሴ ሁሌ አንድ ነው፣ እትዬ እስኪ ጀርባው ላይ ሄርዙ ስንት ይላል? ሰው የሚያየው ቮልቱን ብቻ ነዋ፣ 220 ካለ አለቀ። ሄርዝ ማለት ከረንቱ፣ ማለትም በሽቦው የሚፈሰው ኤሌክትሪክ፣ በሰከንድ ስንት ዙር ወዲያ ወዲህ እንደሚል ነው፣ ፍሪኩዌንሲ የሚባለውም እሱ ነው። የሳዑዲ መብራት ግን 60 ሄርዝ ነው የኛ 50፣ ነገሩ ያለው እዚች 10 ላይ ነው።

ሞተርና ትራንስፎርመር ውስጥ ያለው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) የከረንት መለዋወጥ አይወድም። የተጫነ ጋሪ አስቡ፣ ቀስ እያልክ ወዲያ ወዲህ ብታደርገው እሺ ይላል፣ ቶሎ ቶሎ አቅጣጫ ላስቀይርህ ካልከው ግን ንቅንቅ አይልም። ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ኮይሉ ከረንት ይከለክላል፣ ሲቀንስ ይለቃል። 1 ሄንሪ (የኮይል መጠን መለኪያ) የሆነ ኮይል 60 ሄርዝ ላይ የሚከለክለው 377 ኦም (ከረንት የመከልከል መለኪያ) ገደማ ነው፣ 50 ላይ 314፣ ስለዚህ በዛው ቮልት 20 ፐርሰንት ተጨማሪ ከረንት ይገባል ማለት ነው። ብረት ላይ የተጠቀለለ ከሆነማ ይብሳል፣ ብረቱ አንዴ ማግኔት ከጠገበ በኋላ ከረንቱ በ20 አይመለስም፣ ሙቀቱ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅመው እቃ) ደግሞ የዚህ ግልባጭ ነው፣ ዲሲ (አቅጣጫ የማይቀያይር ከረንት) ላይ አንዴ ከሞላ ይዘጋል፣ ፍሪኩዌንሲ ሲጨምር ይከፍታል። የ10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር 60 ላይ 265 ኦም የነበረው 50 ላይ 318 ይሆናል። ለዛ ነው የሳዑዲ ቬንትሌተር እኛ ጋ ሲመጣ ሁለት በደል የሚደርስበት፣ ዋናው ጥቅል ከልኩ በላይ ከረንት ይጠጣል፣ በካፓሲተር በኩል የሚመገበው ረዳቱ ጥቅል ደግሞ ይራባል፣ በዛ ላይ ፍጥነቱም ፍሪኩዌንሲ ተከትሎ ስለሚወርድ ራሱን የሚያቀዘቅዝበት ንፋስ እንኳ ያንሰዋል 😅

ስታብላይዘር ግዙ የሚላችሁን አትስሙ፣ እሱ ቮልት እንጂ ሄርዝ አያስተካክልም። የስልክ ቻርጀርና አዳዲስ ቲቪ ግን አያሳስብም፣ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ስለሚቀይሩት 50 ሆነ 60 ግድ የላቸውም። የዱባይና የኩዌት እቃም በዚህ በኩል ሰላም ነው፣ እነሱም እንደኛ 50 ናቸው። እዛ ያላችሁ እህት ወንድሞች፣ 50/60 የሚል ከተጻፈበት ላኩት፣ 60 ብቻ የሚል ፍሪጅ ከሆነ ግን ወላሂ የካርጎውን ብር ብትልኩልን ይሻላል።