ቢጫ ካልሲ

ዛሬ ከለንደን በባቡር ወርጄ ሆርሻም አጠገብ ያለውን ክራይስትስ ሆስፒታል አየሁት። እናቴ ስሙን በስልክ ስትሰማ «ምነው ልጄ፣ ምን አመመህ?» አለች። ሐኪም ቤት አይደለም እማዬ፣ አዳሪ ትምህርት ቤት ነው!

እ.ኤ.አ. በ1552 ለለንደን ድሃ አደጎች የተከፈተ ነው፤ ወደ ገጠር የተዛወረው በ1902። ልጆቹ ዛሬም የሚለብሱት የጥንቱን ነው፦ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ሰማያዊ ካፖርት፣ ጉልበት ላይ የሚቀር ሱሪ፣ ቢጫ ካልሲ። ቢጫው አይጥ ያባርራል ተብሎ ነው ይባላል (እኔ አላመንኩም፣ አይጥ ቀለም መርጦ አይነክስም)። ልብሱን የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ስለሆነ ሙሉ የሚከፍለውና በነጻ የሚማረው አይለዩም። ይሄ ነገር ልቤን ነካው።

ምሳ ሰዓት ሲደርስ የተማሪዎቹ ማርሽ ባንድ ከበሮውን መታ፤ ልጆቹ ተሰልፈው፣ እግራቸውን እኩል እየጣሉ ወደ መመገቢያ አዳራሹ ገቡ። ለምሳ እኮ ነው! እኔ ደግሞ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ደጃችን ላይ «በእንተ ስለ ማርያም» የሚለው የቆሎ ተማሪ ትዝ አለኝ። የሱም ልብስ ከጓደኞቹ አይለይም ነበር። ባንድ ግን አልነበረውም፤ የሚያጅበው የሰፈሩ ውሻ ጩኸት ነበር።