420 ወይስ 300? በሬሳ ወንዝ ላይ የሰራሁት ስህተት

ለመስኖ ጥናት ወንዝ ልትለኩ ላላችሁ ልጆች ነው ይሄን የምጽፈው፣ እኔን ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ህዳር ላይ ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ በሬሳ ላይ። ገመድ ወጥሮ ጥልቀት መለካቱ ቀላል ስለሆነ እሱን አላወራም። ከረንት ሜትሩን (የውሃ ፍጥነት መለኪያውን) ጠበብ ያለው ቦታ ላይ፣ ከላይ ሲቆጠር በጥልቀቱ 60 በመቶ ላይ አስገባሁት፣ በሴኮንድ 0.7 ሜትር አለኝ፣ ደጋግሜ ባነበውም ያው ነው። ክሮስ ሴክሽኑ (ወንዙ በአግድም ተቆርጦ ቢታይ ውሃው የሚይዘው ስፋት) 0.6 ካሬ ሜትር፣ ስለዚህ በሴኮንድ 420 ሊትር። ለማረጋገጥ ብዬ 20 ሜትር ከፍ ብዬ ብርቱካን ለቀኩ፣ 40 ሴኮንድ ፈጀባት፣ 0.5 ሜትር በሴኮንድ መሆኑ ነው፣ በዛው በ0.6 ሳባዛው 300 ሊትር! ላይ ላዩ ውሃ ስለሚፈጥን በ0.85 ይባዛል እኮ፣ እንደዛ ሲሆን ጭራሽ 255 ወረደ።

ቢሮ ያለው ባለሙያ ጋ ስወስደው 420ንና 300ን አይቶ "አማካዩን ያዝ" አለኝ፣ እኔም 360 ብዬ ጻፍኩ። እስካሁን ያናድደኛል፣ በሱም በራሴም። ምክንያቱም ብርቱካኗን በዳር ስከተላት መጀመሪያ ቀስ ብዬ ነበር የምራመደው፣ መጨረሻ ላይ ግን ሮጥ ሮጥ ብያለሁ፣ እግሬ ነግሮኝ ነበር ማለት ነው፣ ሪፖርቱ ላይ ግን ሜትሩ ያው 0.7 ስላለ "ፍጥነቱ አይለወጥም፣ አክስለሬሽን ዜሮ" አልኩ።

የውሃን እንቅስቃሴ በሁለት የሂሳብ ሊቃውንት ስም በሚጠሩ አይኖች ማየት ይቻላል፦ በኦይለር አይን አንድ ቦታ ቆመህ የሚያልፈውን ሁሉ ታያለህ፣ በላግራንዥ አይን አንዷን ጠብታ ይዘህ አብረሃት ትወርዳለህ። ወንዙ ሲጠብ ጠብታዋ ትፈጥናለች፣ እዛው ቆሞ ለሚያይ ግን ጠዋትም ማታም ያው ነው፣ ሁለቱም ልክ ናቸው። ክፍል ውስጥ ሁለቱን የሚያገናኘውን ኢኩዌሽን ጥንቅቅ አድርጌ ሰርቻለሁ፣ ወንዝ ዳር ሳገኘው አላወኩትም።

ብርቱካኗ ሰፊውንም ጠባቡንም ተጉዛ እኔ የጠባቡን ብቻ አባዛሁባት። በሳምንቱ ተመልሼ ብርቱካኗን የለቀኩበትን የላይኛውን ቦታ ክሮስ ሴክሽን ስለካው 1.4 ካሬ ሜትር ሆነ፣ ከጠባቡ 0.6 ጋር አማካዩ 1፣ በ0.5፣ በ0.85፣ 425 ሊትር። ከሜትሩ ጋር ገጠመ!

ሜትር ካለ ተንሳፋፊ ምን ያደርጋል የሚሉትን አትስሙ። መጀመሪያ ብርቱካን ልቀቁና አብራችሁ ተራመዱ፣ እርምጃችሁ ከፈጠነ ወንዙ ቀጥ ያለ ቢመስልም ክሮስ ሴክሽኑ እኩል አይደለም፣ ወይ ቦታ ቀይሩ ወይ ቢያንስ ሶስት ቦታ ለኩ። ሳታረጋግጡ ደግሞ ቁጥር አታስገቡ፣ እኔ አስተካክዬ ለቢሮው ባለሙያ ስወስድለት "አንዴ ገብቷል" ነው ያለኝ፣ ፋይሉ ላይ አሁንም 360 ነው።