ሁለት ዓመት ያስጠበቀኝ ቀርከሃ

የምኖረው ሽሮ ሜዳ፣ ዳገቱ ላይ ነው። ከአጥሬ ማዶ ፎቅ ሲነሳ ግቢዬ የሰው መስኮት ሥር ወደቀ። በጋ ከክረምት የሚለመልም ቀርከሃ ልትከል ብዬ ተነሳሁ። ቁፋሮው፣ ፍጉ፣ ውሃው ቀላል ነው። ያቃጠለኝ ችግኙ ነው።

አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄጄ «ቀርከሃ አላችሁ?» አልኩ። የደጋ ይሁን የቆላ አልጠየቅኩም። እንጅባራ፣ ቀርከሃ መሀል ያደግኩ ሰው! 12 ችግኝ ሰጡኝ። ክረምቱን ደህና ከረሙ። ኅዳር ላይ ውርጩ ጫፋቸውን ለበለባቸው፣ ጥር ላይ ቅጠላቸው ረገፈ። ተመልሼ ብጠይቅ ሰውየው ከወንበሩ እንኳ ሳይነሳ «ወንድሜ፣ በጋ ነው፤ ያራግፋል፤ ታገስ» አለኝ። ውሸት አልነበረም፤ የቆላው በበጋ ያራግፋል። የማይረግፍ ነው የፈለግኩት ማለት ግን አፌ ላይ አልመጣም። እንደ ሞኝ ታገስኩ። በሁለተኛው ዓመት 3 ቀሩ።

እናቴ ለፋሲካ መጣች። አንዱን አገዳ በሽንኩርት ቢላ ቆርጣ አፍንጫዬ ሥር አቀረበችው። «እየው፣ ድፍን ነው። የእኛው ውስጡ ባዶ አይደል እንዴ? አንተ ልጅ፣ የአሶሳን ቀርከሃ ውርጭ ላይ ተክለህ ነው የምትነጫነጨው?» የቆላው ከ1,800 ሜትር በታች ነው የሚመቸው፤ የደጋው ከ2,200 በላይ። የኔ ግቢ ከ2,500 ያልፋል። ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ግቢህ የት ነው ብሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት?

ግንቦት መጨረሻ ላይ እንጅባራ ወረድኩ። «ችግኝ ውሰዱ» ይላሉ፤ እኔ አትውሰዱ እላለሁ። ከደጋ ሰው ግቢ ከነሥሩ አስቆፍሩ። ወፍራም አሮጌውን አይታችሁ አትጎምጁ፤ ዓመት ወይ ሁለት ዓመት የሆነው ነው የሚያቆጠቁጠው። አንድ ሜትር ያህል አስቀርቼ ቆረጥኩት፣ ሥሩን በእርጥብ ጆንያ ጠቀለልኩት፣ በማግስቱ ተከልኩት። በዓመቱ ሐምሌ ላይ ጠጉራም ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ወጣ። በየጠዋቱ እየሄድኩ በስንዝር እለካው ነበር።

የደጋው ግን ሥሩ ይሄዳል። ከግንብና ከውሃ ቧንቧ አርቁት፤ እኔ አላራቅኩም፣ ዘንድሮ አንዱ ጎረቤት ግቢ በቅሏል። ከቆላዎቹ የተረፈው አንድ ደረቅ አገዳ ቲማቲም ደግፎ ቆሟል።