ከቨርጂኒያ ከመውጣታችን በፊት

በአሌክሳንድሪያ ከተማ 11 ዓመት ስንኖር አንድም የዓመት ፈቃድ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ አሳልፈን አናውቅም ነበር። የፈቃድ ቀኖቻችንን ሁሉ ለአገር ቤት እናጠራቅማቸዋለን፤ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይተን ሻንጣ እያስመዘንን ወደ ጎንደር እንበራለን፤ ስንመለስም የቲኬቱን ዕዳ ለመክፈል ትርፍ ሰዓት እንገባለን። የባለቤቴ ወንድም ወደሚኖርበት ወደ ኮሎራዶ ለመዛወር ወስነን፣ የልጃችን የትምህርት ዓመት እስኪያልቅ ግን እንድንቆይ በተስማማን ምሽት፣ ባለቤቴ የግዛቱን ካርታ በስልኳ ላይ እያየች "ለመሆኑ ዴንቨር ስንደርስ ቨርጂኒያ ምን ትመስላለች ቢሉን ምን እንላለን? የ95ን መንገድ መጨናነቅ?" ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ለጉብኝት ለመውጣት ምክንያት የሆነን ልጃችን ነው። በአሜሪካ የ4ኛ ክፍል ተማሪዎች የፌዴራል መንግሥቱን ፓርኮች ከነቤተሰባቸው በነጻ የሚጎበኙበት ፈቃድ ያገኛሉ፤ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ቀጣዩ ኦገስት መጨረሻ ያገለግላል። ከኢንተርኔት የታተመውን ወረቀት ይዘው ሲሄዱ በካርድ ይለውጡላቸዋል። ለአንድ መኪና 30 ዶላር በሚከፈልበት የሸናንዶዋ ፓርክ በር ላይ ልጃችን ወረቀቱን በመስኮት ዘርግቶ ሲያሳልፈን፣ ከኋላ የተቀመጡት አማቴ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ ዛሬ አባወራው አንተ ነህ" አሉት። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም በር ላይ ከእሱ ቀድሞ መናገር ጠብ የሚያስነሣ ነገር ሆነ።

ሸናንዶዋ የሄድነው በኦክቶበር፣ ቅጠሉ በሚቀላበት ወቅት ነበር። በብሉ ሪጅ ተራሮች ጫፍ የተዘረጋው ስካይላይን ድራይቭ ከፍሮንት ሮያል ተነሥቶ ወደ ደቡብ 105 ማይል ይሄዳል፤ ፍጥነቱ ከ35 ማይል እንዳይበልጥ የተወሰነ በመሆኑና በየመመልከቻው ስፍራ ሁሉ እየቆምን ስለነበር፣ በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን ያልነው ሐሳብ ገና ረፋድ ላይ ከሸፈ። የደባርቅ ልጅ የሆኑት አማቴ ጠመዝማዛውን ሲያዩ "ሊማሊሞ ነው እኮ! ብቻ ይሄ አያስፈራም፣ አጥር አለው" አሉ። አጥር ያሉት በ1930ዎቹ የሥራ አጥነት ዘመን መንግሥት ያሰማራቸው ወጣቶች ከመንገዱ ዳር በድንጋይ የካቡትን ዝቅተኛ ግንብ ነው።

ምሳችንን ሉዊስ ማውንቴን በሚባል ስፍራ፣ 57ኛውን ማይል እንዳለፍን፣ ከዛፍ ሥር በላን። የፓርኩን ማብራሪያ ያነበብነው ቋንጣ ፍርፍሩ ካለቀ በኋላ ነው። ይህ ቦታ በ1939 ሲከፈት ለጥቁር ጎብኚዎች ብቻ ተለይቶ የተሰጠ ነበር፤ መለያየቱ ከመላው ፓርክ የተወገደው በ1950 ነው። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም፤ ባዶውን ሳህን እንደያዘች ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

ከሰዓት በኋላ በእግር በሄድንበት ጫካ ውስጥ፣ በሣር የተዋጡ ጥቂት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አገኘን። የመቃብር ቦታ ነበር። በ1935 የተመሠረተው ይህ ፓርክ ሰው አልባ በነበረ ምድር ላይ የተቋቋመ አይደለም፤ ቨርጂኒያ መሬቱን ከነዋሪዎቹ ወስዳ ለፌዴራል መንግሥት ስታስረክብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ከተራራው ወርደዋል፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው እንዲቆዩ የተፈቀደላቸው ጥቂት አረጋውያን ብቻ ነበሩ። ይህን ለአማቴ ስነግራቸው አማትበው ጥቂት ዝም አሉና "ከብቱንስ?" ብለው ጠየቁኝ።

"ሸጠውት ይሆናላ፣ እማዬ።"

"በርካሽ ነዋ" አሉ። "ለቅቆ የሚሄድ ሰው ዋጋ አያወጣም፤ ገዢው ያውቅበታል።"

በበረዶው ወራት ብዙ አልወጣንም። አንድ ቀን ብቻ በ1878 ወደተገኘው የሉሬይ ዋሻ ወረድን። ዋሻው የግል በመሆኑ የልጃችን ካርድ አልሠራም፤ እሱም ይህን እንደ ስድብ ቆጠረው። ኩርፊያው የለቀቀው፣ ከጣሪያው የተንጠለጠሉትን የድንጋይ ዘንጎች በጎማ መዶሻ እየመታ ዜማ የሚያወጣውን ኦርጋን ሲሰማ ነው።

እኔ እስከ ዛሬ የማስበው ግን የመጨረሻውን ጉዞ ነው። ልንለቅ አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ቤቱ በካርቶን ተሞልቶ መራመጃ ባጣንበት ሰዓት፣ ድንኳን ተውሰን በአትላንቲክ ዳር ወደምትገኘው ወደ አሳቲግ ደሴት ሄድን። ደሴቲቱ 37 ማይል የምትረዝም ቀጭን የአሸዋ ምድር ናት፤ ሰሜኑ የሜሪላንድ፣ ደቡቡ የቨርጂኒያ ነው። የዱር ፈረሶች አሏት። የሰፈርነው በሜሪላንዱ በኩል ሲሆን፣ ጊዜው ፍልሰታ ስለነበር አማቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቀምሱም። ሰዓቱ ደርሶ የድፎ ዳቦውን ፎጣ ገና ከመግለጣቸው፣ ከድንኳኖቹ መካከል አንድ ቡናማና ነጭ ፈረስ እየተንጎራደደ መጣ። ሆዱ ከበሮ አክሏል።

"ይህቺ ባዝራ ልትወልድ ነው፤ እንዳትነኳት" አሉ አማቴ።

እኛ ወደ ኋላ ስንሸሽ እርሱ ወደ ፊት መጣ፤ አንገቱን በጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ከዳቦው እሩቡን የሚያህል ገምሶ፣ ኮባውን ሳይቀር ማኘክ ጀመረ። በቦታው የደረሰችው የፓርክ ጠባቂ ምግብ መኪና ውስጥ መቆለፍ እንዳለበትና ከፈረሶቹ 40 ጫማ መራቅ ግዴታ መሆኑን በትሕትና፣ ነገር ግን ፈገግ ሳትል ነገረችን። ጥፋቱ የእኛ ነበርና ይቅርታ ጠየቅን። ባለቤቴ ስለ እርግዝናው ስትጠይቃት ግን ሳቋን መቆጣጠር አልቻለችም፤ ፈረሶቹ ጨዋማ የረግረግ ሣር ስለሚበሉ ብዙ ውሃ ይጠጣሉ፣ ሆዳቸው የሚነፋውም ለዚህ ነው አለችን። ባዝራ የተባለችው ድንጉላ ሆና ተገኘች። "ቢሆንም የጾም ዳቦ መሆኑ ደግ ነው" ብለው አማቴ የተረፈውን ቆረሱልን። ማታ ደግሞ ትንኝ መጣ፤ ስለ እርሱ የምለው ቢኖር፣ በኦገስት ወር ወደ አሳቲግ የሚሄድ ሰው ከመዋኛ ልብሱ ይልቅ ጋቢውን እንዳይረሳ ነው።

በማግስቱ የቨርጂኒያውን ወገን ለማየት ተነሣን። በደሴቲቱ ውስጥ ሁለቱን ወገን የሚያገናኝ የመኪና መንገድ ስለሌለ ወደ ዋናው ምድር ወጥቶ፣ ዞሮ ሺንኮቲግ በምትባለው የቨርጂኒያ ከተማ በኩል መግባት ያስፈልጋል። በግዛቶቹ ወሰን ላይ አጥር አለ፤ አንዱ የፈረስ ዘር ለሁለት ተከፍሎ በሁለት ሕግ ይተዳደራል። የሜሪላንዶቹን የሚጠብቃቸው የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ሲሆን፣ ቁጥራቸው እንዳይበዛ ለባዝሮቹ የወሊድ መከላከያ ከሩቅ በጠመንጃ ሲወጋላቸው ቆይቷል። የቨርጂኒያዎቹ ደግሞ የሺንኮቲግ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ንብረት ናቸው፤ ከ1925 ጀምሮ፣ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩ፣ በየዓመቱ በጁላይ ወር ፈረሶቹ የውሃውን ሰርጥ በዋና አቋርጠው ይሻገሩና ውርንጭሎቹ በጨረታ ይሸጣሉ።

ልጃችን ይህን ሁሉ ካዳመጠ በኋላ "የእኛዎቹ የትኞቹ ናቸው?" ብሎ ጠየቀ።

"የቨርጂኒያዎቹ ናቸዋ" አለችው እናቱ። ከዚያም አሰብ አድርጋ "እስከ ሰኞ" አለች።

ወደ ቤት የተመለስነው በቼሳፒክ ቤይ ድልድይና ዋሻ ነው፤ መንገዱ በ1964 የተከፈተ ሲሆን 17.6 ማይል ይረዝማል፤ መርከቦች እንዲያልፉ ሲባል ሁለት ቦታ ላይ እያንዳንዱ አንድ ማይል በሚያህል ዋሻ ከውሃው ሥር ይገባል። አማቴ የመጀመሪያው ዋሻ አፍ ላይ ስንደርስ ውዳሴ ማርያም ጀመሩ፤ ሁለተኛውን እስክንወጣም አላቋረጡም።

እሁድ ዕለት የቀሩንን ዕቃዎች ደጃፍ አውጥተን ሸጥን። ሶፋው የተገዛው በ900 ዶላር ነበር፤ አንድ ጎረምሳ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ከዞረው በኋላ፣ የታሰረውን የጭነት መኪናችንን አየት አድርጎ "40" አለ። ባለቤቴ ተከራክራ 50 አደረሰችው። አማቴ ደረጃው ላይ ተቀምጠው የዴንቨር አየር ደጋ መሆን አለመሆኑን ሲጠይቁኝ ነበር፤ ከፍታው 1,600 ሜትር ገደማ መሆኑን ስነግራቸው "እንግዲያው ወይና ደጋ ነው" ብለው ደስ አላቸው። ሶፋው መኪና ላይ ሲጫን ግን ዞር ብለው አዩኝ።

"በርካሽ አላልኩህም?"