ቤት ሊያፈርስ የተሠራ ታንክ፦ ጋሼን ይዘን ሙንስተር ሄድን

ሰሜን ጀርመን ውስጥ በሃምቡርግና በሃኖቨር መሃል ሊዩንቡርገር ሃይደ የሚባል አካባቢ አለ። አሸዋማ መሬት፣ ጥድ፣ ክረምታችን ሲያልቅ አካባቢ ወይን ጠጅ አበባ የሚያወጣ ቁጥቋጦ። ሰው የሚሄደው በእግሩ ሊንሸራሸርና ማር ሊገዛ ነው። እኛ ግን የሄድነው ታንክ ልናይ ነው ምክንያቱም እዛው መሃሉ ላይ ሙንስተር የምትባል ትንሽ የወታደር ከተማ አለች፣ የጀርመን ጦር ታንከኞቹን የሚያሰለጥንባት፣ እና በ1983 የተከፈተው የታንክ ሙዚየም እዛ ነው ያለው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ አትቁጠሩብኝ)። ናቪጌሽን ላይ ስትጽፉ ብቻ ጠንቀቅ በሉ፣ በምዕራብ በኩል ዩኒቨርሲቲ ያለበት ትልቁ ሙንስተር ሌላ ከተማ ነው፣ እዛ ከሄዳችሁ ታንክ የለም ሳይክል ነው የምታዩት።

የጉዞው ምክንያት የጓደኛዬ አባት ናቸው። ከአዲስ አበባ ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ሃምቡርግ ከርመዋል፣ ወደቡን አሳየናቸው፣ በጀልባ አዞርናቸው፣ ያ ታዋቂው የትንንሽ ባቡሮች ኤግዚቢሽንም ወሰድናቸው፣ ሁሉም ላይ መልሳቸው "እሺ፣ ጥሩ ነው" ነው። ጋሼ በደርግ ጊዜ የቲ-55፣ ያ የሶቪየት ታንክ፣ ታንከኛ ነበሩ፣ አጉራሽ (ጥይቱን መድፉ ውስጥ የሚያስገባው) ሆነው ጀምረው በኋላ ሾፌር የሆኑ። ስለዚህ ልጃቸው አንድ ቀን እራት ላይ "አባዬ የታንክ ሙዚየም አለ፣ እንሂድ?" ሲላቸው ማንኪያቸውን አስቀመጡና "ታንክ ለማየት ብር ይከፈላል?" አሉ። ይከፈላል አልናቸው። "እኔን እኮ ከፍለው ነበር የሚያስገቡኝ፣ እሱም ሲደርስ ነው" ብለው ሳቁ። በቃ እሺ ማለታቸው ነው።

ከሃምቡርግ በመኪና በኤ7 አውቶባን አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ መንገዱ ካልተጨናነቀ። በባቡርም ይደረሳል ግን መሃል ላይ መቀየር ስላለና ገጠር ስለሆነ ባቡሩ ቶሎ ቶሎ አይመጣም። በብርድ ወራት የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ ደግሞ ከመሄዳችሁ በፊት ዌብሳይታቸውን ቼክ አድርጉ።

ውስጡ ትልልቅ አዳራሽ ነው፣ መጋዘን በሉት፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ በዘመን ቅደም ተከተል ነው የሚያስኬዳችሁ። ኤ7ቪ የሚባለው የጀርመኖች የመጀመሪያ ታንክ አለ፣ ግን ኮፒ ነው፣ በዓለም ላይ የቀረው አንዱ ኦሪጅናል አውስትራሊያ ነው ያለው። ከዛ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ታንኮች፣ ፓንተሩ፣ ንጉሥ ቲገሩ ምናምን። ሰው ሁሉ ንጉሥ ቲገሩ ጋ ይቆማል ፎቶ ይነሳል፣ እኔም ተነሳሁ አልዋሽም። የመጣሁበት ግን ሌላ ነበር፣ ሽቱርምቲገር።

ይሄን ነገር በፎቶ አይታችሁት ከሆነ አላያችሁትም ማለት ነው። ከታች ያለው ቲገር የሚባለው የታወቀው የጀርመን ከባድ ታንክ አካል ነው፣ ሰፊው ሰንሰለት፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው የተገጠሙት ጎማዎች። ከላይ ግን የሚዞረው ጭንቅላት የለም። በሱ ፈንታ ወፍራም ብረት ቤት ሠርተው ጭነውበታል፣ የፊቱ ግድግዳ ወደኋላ ጋደል ያለ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት ነው፣ ከዛ ግድግዳ ላይ ደግሞ አጭር ሰፊ ቱቦ ብቅ ብሏል። መድፍ አይመስልም። ጋሼ ከሩቅ አይተው "ይሄ ምንድነው፣ ጭስ ማውጫ ነው?" ነበር ያሉት።

የአፉ ስፋት 38 ሴንቲ ሜትር ነው። የቲ-55 መድፍ 10 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አስቡት። የሚተኩሰውም የመድፍ ጥይት አይደለም ሮኬት ነው፣ አንዱ ወደ 350 ኪሎ ይመዝናል፣ ከዛ ውስጥ 125 ኪሎ ገደማው ፈንጂ ነው። መጀመሪያ የታሰበለት 21 ሴንቲ ሜትር መድፍ ነበር፣ እሱ ሲጠፋ ለባህር ኃይል ሰርጓጅ መርከብ መምቻ ተብሎ የተጀመረ የሮኬት ማስወንጨፊያ ነበራቸውና እሱን አምጥተው ታንክ ላይ ገጠሙት። ማለት ውሃ ውስጥ ያለ መርከብ ሊሰብር የታሰበ ነገር ነው መሬት ላይ የወጣው።

እኔን ቀጥ አድርጎ ያቆመኝ ግን አፈሙዙ ነው። ጠጋ ብላችሁ ፊት ለፊት ስታዩት የቱቦው አፍ ዙሪያውን በትንንሽ ቀዳዳዎች ተከቧል፣ የሻወር ራስ ይመስላል። መጀመሪያ ጌጥ ወይ ቡሎን የነበረበት መስሎኝ ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሮኬት ሲነሳ እሳቱንና ጋዙን ወደኋላ ነው የሚተፋው፣ ወደኋላ ደግሞ ያለው ታንከኛው ነው። የቱቦው የኋላ መዝጊያ ዝግ ስለሆነ ጋዙ መውጫ ይፈልጋል፣ ስለዚህ ቱቦውን ድርብ አደረጉትና በሁለቱ መሃል ባለው ክፍተት ጋዙ ዞሮ ወደፊት ሄዶ በነዛ ቀዳዳዎች እንዲወጣ አደረጉ። ሮኬቱ በመሃል፣ ጭሱ በዳር፣ ሁለቱም በአንድ በኩል። የሠራው ኢንጂነር ጎበዝ ነው መቼም፣ ጉብዝናውን ምን ላይ እንዳዋለው ሌላ ጉዳይ ሆኖ።

ልጁ ይሄን ሁሉ ከጽሑፉ ላይ እየተረጎመላቸው ነው፣ ጋሼ ግን የሳባቸው አጉራሹ ነው። "350 ኪሎ ማን ያጎርሰዋል?" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ፣ ሰው አያነሳውም። ከኋላ በኩል ትንሽ ክሬን ይገጠምለታል፣ ሮኬቱ በጣራው ላይ ባለ ቀዳዳ ይወርዳል፣ ውስጥ በግራና በቀኝ ስድስት ስድስት ሆኖ ይደረደራል፣ ከዛ ጣራው ላይ ባለ ሐዲድና በእጅ በሚዞር መዘውር ከመደርደሪያው ተነስቶ ከቱቦው ኋላ ያለ አልጋ ላይ ይጋደምና ተገፍቶ ይገባል። ይሄ ሁሉ ሲሆን ቱቦው ቀጥ ብሎ አግድም መሆን አለበት፣ አንዴ ተኩሰህ ለመድገም ቱቦውን አውርደህ አጉርሰህ እንደገና ወደ ላይ አንስተህ ማነጣጠር ነው። አምስት ሰው በዛች ክፍል ውስጥ ከደርዘን ሮኬት ጋር።

"የኛ ጥይት 30 ኪሎ ገደማ ነው" አሉ ጋሼ፣ እጃቸውን ዘርግተው ርዝመቱን እያሳዩን። "ታንኩ እየሄደ ነው የምታጎርሰው፣ አንተ ቆመህ ነው፣ መሬቱ ይንጥሃል። ስታስገባ በመዳፍህ አትገፋም። በጡጫ ነው። ጣትህን ከዘረጋህ መዝጊያው ሲወረወር ይዞት ይሄዳል።" አዳራሹ መሃል ቆመው በቀኝ በኩል ዞር ብለው ጎንበስ፣ ማንሳት፣ በጡጫ መግፋት፣ እጅ መሰብሰብ፣ ሁሉንም አንድ ጊዜ አሳዩን። ከ40 ዓመት በላይ አልፎታል፣ እጃቸው ግን አልረሳም። ሁለት ጀርመኖች ቆመው አዩዋቸው። ልጃቸውም እንደኔው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው ያየው፣ በኋላ መኪና ውስጥ ሲነግረኝ ቤት ውስጥ ስለ ታንክ አውርተው አያውቁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ይሄ ታንክ ለምን ተሠራ? ቲገርም ፓንተርም ከታንክ ጋር ሊዋጉ የተሠሩ ናቸው። ይሄኛው አይደለም። ይሄ ቤት ሊያፈርስ ነው የተሠራው። በ1942 መጨረሻ ስታሊንግራድ ላይ ጀርመኖች ቤት ለቤት ሲዋጉ፣ ፎቅ ለፎቅ፣ ሕንፃውን ከነተዋጊው አንዴ የሚጥል ነገር ያስፈልገናል አሉ። ናሙናው በ1943 መኸር ለሂትለር ታየ፣ ማምረት የተጀመረው ግን በ1944 አጋማሽ ካለፈ በኋላ ነው፣ ያኔ ደግሞ ስታሊንግራድ የለም፣ የሚያጠቁት ከተማም የለም፣ እነሱ ራሳቸው እየሸሹ ነው። የተሠራው 18 ብቻ ነው፣ አካሉም ተመትተው ለጥገና ከተመለሱ ቲገሮች የተወሰደ። ዛሬ ከ18ቱ የቀረው ሁለት ነው፣ አንዱ ይሄ፣ ሌላኛው ሩሲያ ኩቢንካ።

ግን አንድ ከተማ አገኙለት። ዋርሶ። ፖላንዶች በኦገስት 1 1944 ተነሱ፣ 63 ቀን ተዋጉ፣ ናሙናው ራሱ ገና በወሩ ውስጥ ወደዛ ተላከ። የሰው መኖሪያ ባለበት ከተማ መሃል 125 ኪሎ ፈንጂ ያለው ሮኬት። እርግጥ ዋርሶን ይሄ ታንክ ብቻውን አላፈረሳትም፣ አውሮፕላንም፣ ከዚህም የባሰ ግዙፍ ሞርታርም፣ እሳትም፣ በኋላም አመፁ ካለቀ ወዲያ ብሎክ በብሎክ እየዞሩ ያፈነዱት ነው። ጃንዋሪ 1945 ላይ ከተማዋ 85 በመቶ ገደማ ፈርሳለች፣ የሞተው ሲቪል ከ150 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። እኔ ስለዚህ ታንክ ቪዲዮ ሳይ የኖርኩት ሁሌ ስለ መጠኑ ነበር፣ ስንት ቶን (65 ነው)፣ ስንት ሚሊ ሜትር፣ ዋው ምናምን፣ ኮሜንቱም እንደዛው ነው። እዛ አጠገቡ ቆማችሁ ግን ቱቦው የሚያየው የሰው ፎቅ መሆኑ ይገባችኋል፣ የታሰበውም ለሱ ነበራ። ሙዚየሙ በዚህ በኩል ጥሩ ነው፣ ታንክ አያሞግስም፣ ጽሑፎቹ ጦርነቱ ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ለመናገር አይፈሩም። የስጦታ ሱቁ ውስጥ ግን ታንክ ያለበት ኩባያ፣ ታንክ ያለበት የሕፃን ቲሸርት አለ፣ እሱ ትንሽ ገረመኝ።

ልጁ የዋርሶውን ሲተረጉምላቸው ጋሼ ዝም ብለው ሰሙ። ከዛ "እና ቤቱ ውስጥ ማን እንዳለ አያዩም?" አሉ። እስከ አምስት ስድስት ኪሎ ሜትር ይደርሳል አልናቸው። "እንግዲያ አያዩም" አሉና ወደሚቀጥለው ሄዱ።

የቀዝቃዛው ጦርነት አዳራሽ ውስጥ ሌላ ሰው ሆኑ። የምሥራቅ ጀርመን ጦር ዕቃዎች እዛ ናቸው፣ ቲ-55ም አለ። ሳይነገራቸው ከሩቅ አወቁት፣ ፊት ለፊት አልሄዱም፣ ቀጥታ ወደ ኋላ ዞረው ሞተሩ ያለበትን ማየት ጀመሩ። "580 የፈረስ ጉልበት ናፍጣ ነው፣ ባትሪ ሲደክም በአየር ነው የምናስነሳው፣ ጠርሙሱ ከሾፌሩ ፊት ነው። መሪ የለውም፣ ሁለት ዘንግ ነው፣ ማታ ትከሻህ አይነሳም።" ከዛ ቀለሙን አዩና "ይሄን እኮ ወልውለውታል፣ ታንክ እንዲህ አይጸዳም" አሉ ቅር ብሏቸው። አንድ አሥር ዓመት የማይሞላው ልጅ ከእናቱ ጋር አጠገባችን ነበር፣ ሽማግሌው ሲያወሩ አይቶ ውስጡ ይሞቃል ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ጓደኛዬ ተረጎመ። ጋሼ ኮስተር ብለው "ኦጋዴን ላይ ቀን ብረቱን በባዶ እጅ መንካት አይቻልም በለው" አሉ። ልጁ ኦጋዴን የት እንደሆነ ጠየቀ፣ እናቱ ስልኳን አውጥታ ካርታ ፈለገች፣ ጋሼ በጣታቸው አሳዩት፣ ጂግጂጋን፣ ከዛ ወደ ሐረር የሚወስደውን ካራማራን።

እኛ አገር ሰሜን በኩል የተጓዘ ሰው ያውቃል፣ ይሄው ቲ-55 መንገድ ዳር ዝጎ ተገልብጦ ሰንሰለቱ ወልቆ ቆሟል፣ እረኛ ይቀመጥበታል፣ ፍየል ጥላው ሥር ትተኛለች፣ አጠገቡ ማን እንደነዳው መቼ እንደተመታ የሚል አንዲት መስመር ጽሑፍ የለም። ይሄን ስል ጋሼ "የነዱትማ አሉ፣ የሚጠይቅ ነው የጠፋው" አሉኝ። የሚነዱ ሰዎች በሕይወት እያሉ መቅዳት እኮ ብዙ ወጪ የለውም፣ ስልክ ነው የሚፈልገው። እኔ በዛው ቀን መኪና ውስጥ ጀምሬያለሁ፣ የአንድ ሰዓት ቀረጻ አለኝ፣ ግማሹ ስለ ምግብ ነው።

ስንወጣ በሩ ላይ ማስታወቂያ አየን። ሴፕቴምበር ላይ ሽታል አውፍ ደር ሃይደ የሚሉት ዝግጅት አለ ይላል፣ ሞተራቸው የሚሠራ የድሮ ታንኮችን አውጥተው ሜዳ ላይ ይነዷቸዋል። ጓደኛዬ አነበበላቸው። ጋሼ ቆሙ።

"ቪዛዬ እስከ መቼ ነው?"

"እስከ ኦገስት መጨረሻ ነው አባዬ።"

"አይራዘምም?"